ብራንድ ሲባል እሳት ነው

ገበያ ወጥታችሁ ጫማ ስታነሱ ሻጩ «ብራንድ ነው እኮ!» ካላችሁ፣ ሳያውቀው የእሳት ስም እየጠራ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ብራንድ ማለት ጫፉ እየነደደ ከምድጃ የወጣ እንጨት ነበር። እኛ ትንታግ የምንለው መሆኑ ነው። በትንቢተ ዘካርያስ ምዕራፍ 3 ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ ከእሳት መሐል በተረፈ ትንታግ ይመሰላል፤ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ቦታ ያስቀመጠው ቃል ብራንድ ነው።

ከዚያ እሳቱ ከእንጨት ወደ ብረት ተሻገረ። ብረት አግሎ ከብት መተኮስ ብራንድ ተባለ፤ ሜዳ ላይ የተደባለቀው መንጋ የማን እንደሆነ የሚለየው በዚያ ጠባሳ ነበር። በዚያው ብረት ወንጀለኞችም፣ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያንም ተተኩሰዋል። ይህን የቃሉን ታሪክ መዝለል አይገባም። ነጋዴዎች ደግሞ በወይን በርሜልና በእንጨት ሣጥን ላይ ምልክታቸውን በጋለ ብረት ያትሙ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ቃሉ ከምልክቱ አልፎ ለዕቃው ዓይነት ስም ሆነ፤ እስከ ጫማችን የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

የቴክሳሱ ጠበቃ ሳሙኤል ማቬሪክ ግን ከብቶቹን ሳያስተኩስ ተዋቸው። ምልክት የሌለው ጥጃ «ማቬሪክ» ተባለ፣ ዛሬም በራሱ መንገድ የሚሄድ ሰው በእንግሊዝኛ ማቬሪክ ነው። ብራንዲም ዘመድ ነው፤ ከሆላንዶች ቋንቋ የመጣ፣ ትርጉሙም «የተቃጠለ ወይን»፣ በእሳት ተጣርቶ የሚወጣ።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ «ብራንድ ኒው» ነው። አዲስ ዕቃን ከእሳት ምን አገናኘው? ከአንጥረኛው ፍም አሁን የወጣ ለማለት ነው፤ ሼክስፒርም በተውኔቶቹ «ፋየር ኒው» ይላል። አሁን የራሳችንን ተኮሰን አስቡት! ከብት ይተኮሳል፣ ሸሚዝ በካውያ ይተኮሳል፣ ጥይት ይተኮሳል። ትኩሳትና ትኩስም ከዚያው ሥር ናቸው። ትኩስ ዳቦ እጅ ያሞቃል፤ ትኩስ ዜና ስንል ግን አሁን የደረሰ፣ አዲስ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛውና አማርኛው ሳይመካከሩ ከእሳት ተነስተው «አዲስ» ላይ ተገናኙ።

ትንታጉም እንዲሁ ነው። ንግግሩ ሕዝብ የሚያነሳሳ ሰው በእንግሊዝኛ ፋየርብራንድ ይባላል፤ እኛስ ምን እንለዋለን? ትንታግ ተናጋሪ።