የማይመዘገበው ሰዓት፦ የሕንድ ሶፍትዌር ሠራተኞች ጥያቄ

የሕንድ ሶፍትዌር መሐንዲስ ሳምንቱን የሚዘጋው ቅጽ ሞልቶ ነው። ታይምሺት ይሉታል። ለየትኛው ደንበኛ፣ በየትኛው ፕሮጀክት፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ቀን በቀን ይሞላበታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየሳጥኑ 8 ወይም 9 ይጽፋል። ማክሰኞ እስከ እኩለ ሌሊት አምሽቶም ይሁን ቅዳሜን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ከዚያ በላይ ለመመዝገብ የአለቃ ፈቃድ ይጠየቃል፤ አለቃው ደግሞ ከደንበኛው ጋር የተዋዋሉት በጀት እጁን ይዞታል። ሕንድን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረው ጉዳይ ከሥሩ ሲታይ ይኸው ያልተጻፈ ሰዓት ነው።

ወደ አደባባይ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ በሌላ በር ነው። በጥቅምት 2023 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሶፍትዌር ኩባንያው የኢንፎሲስ መሥራች ናራያና ሙርቲ የሕንድ ወጣቶች በሳምንት 70 ሰዓት መሥራት አለባቸው አሉ፤ ጀርመንና ጃፓን ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የተነሡት እንዲህ ነው በማለት። በጥር 2025 ደግሞ የግንባታና የምሕንድስና ድርጅቱ የላርሰን ኤንድ ቱብሮ ሊቀመንበር ኤስ. ኤን. ሱብራማኒያን ቁጥሩን ወደ 90 አሳደጉት። እሑድ ቤት ተቀምጣችሁ ሚስታችሁን እስከ መቼ ስታዩ ትውላላችሁ የሚል ነገርም ጣል አደረጉ። አገሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ጎራ ሆነ፦ ታታሪነትን የሚያወድስና ኑሮ ሥራ ብቻ አይደለም የሚል።

ይህ ክርክር ለቴሌቪዥን ይመቻል፤ ነገሩን ግን ያድበሰብሰዋል። ሕንዳውያን ሰነፎች ናቸው የሚለው ክስ በመጀመሪያ ደረጃ አያስኬድም። የዓለም የሥራ ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው ከአገሪቱ ሠራተኞች ግማሽ ያህሉ በሳምንት ከ49 ሰዓት በላይ ይሠራሉ። ሙርቲም ቢሆኑ የሚናገሩት የኖሩትን ነው። በ1981 ከስድስት ባልደረቦቻቸው ጋር ድርጅቱን ሲያቋቁሙ መነሻቸው ከባለቤታቸው የተገኘ 10,000 ሩፒ ነበር። ሌት ተቀን የሠሩት ግን ለራሳቸው ድርጅት ነው። በ1990ዎቹ ኢንፎሲስ ለሠራተኞቹ አክሲዮን በማከፋፈል ከሕንድ ኩባንያዎች ቀዳሚ ስለነበር ያኔ ያመሸ ሁሉ ከድካሙ ድርሻ ነበረው። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች በአንዱ የሚቀጠር ጀማሪ በዓመት ከ300,000 እስከ 400,000 ሩፒ ያገኛል፤ ይህ መነሻ ደመወዝ ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ገደማ ሲረግጥ፣ የቤት ኪራዩ ግን አልጠበቀውም።

ታዲያ ያ ትርፍ ሰዓት ከየት ይመጣል? መልሱ ኢንዱስትሪው በሚሸጠው ነገር ውስጥ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1985 ቤንጋሉሩ ላይ ቢሮ ከፍቶ ሥራውን በሳተላይት ማመላለስ ሲጀምር፣ ቀጥሎም በ1991 ኢኮኖሚው ሲከፈት፣ የ2000 ዓ.ም. የኮምፒውተር ቀን ችግር ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ፕሮግራመር ሲያስፈልገው ሕንድ ለዓለም ማቅረብ የጀመረችው በዋናነት የሠለጠነ ሰው ሰዓት ነው። ዛሬ ዘርፉ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀጥሮ በዓመት ከ250 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል። እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም፤ አዋሽንና ዳሸንን የመሰሉ ባንኮቻችን የተጠቀሙበት ፍሌክስኪውብ የተባለው የባንክ ሶፍትዌር የተሠራው እዚያው ሕንድ ነው።

ሰዓት ሲሸጥ ውሉ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ደንበኛው በሰው በሰዓት ይከፍላል። በሌላው ሥራው በቁርጥ ዋጋ ይያዝና የማስረከቢያው ቀን ይወሰናል። ውል ለማሸነፍ የሚሽቀዳደሙ ኩባንያዎች አሥር ሰው የሚፈልገውን በሰባት እንጨርሳለን ሲሉ የሦስቱ ሥራ በሰባቱ ላይ ይደለደላል። ደመወዙ ወርኃዊ ስለሆነ መሐንዲሱ በሳምንት 45 ሰዓትም ሠራ 65፣ ለቀጣሪው ወጪው አንድ ነው። ዋጋ የማያስከፍልን ነገር ቆጥቦ የሚጠቀም ነጋዴ ደግሞ እስካሁን አልታየም።

በዚህ ላይ የሰዓት ልዩነት አለ። በበጋቸው ወራት ኒው ዮርክ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ቤንጋሉሩ ላይ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ነው። ደንበኛው ቡናውን ይዞ ስብሰባ ሲከፍት ሕንዳዊው መሐንዲስ የቀን ሥራውን ጨርሶ በኤሌክትሮኒክ ሲቲ ወይም በሲልክ ቦርድ መጋጠሚያ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ነው፤ ስብሰባውን ብዙ ጊዜ እዚያው በስልኩ ይከታተላል። ለሴቶች ይህ ድርብ ነው፤ ከምሽቱ ስብሰባ በኋላ የሚጠብቃቸው የቤት ሥራ አለና። በ2017 የወሊድ ፈቃድ ወደ 26 ሳምንት ማደጉ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም ከፈቃድ ስትመለስ የምትገባበትን ምሽት አይነካውም።

ታዲያ መሐንዲሱ ለምን ጥሎ አይሄድም? ይሄዳል፤ ግን በቀላሉ አይደለም። የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያው በብዙ ኩባንያ 90 ቀን ነው። አዲሱ ቀጣሪ ከቀድሞው ቤት በወጉ መሰናበቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ደብዳቤው ያለው ደግሞ በአሮጌው ቀጣሪ እጅ። ለአንዳንድ ጀማሪዎች ለሥልጠና የወጣ ገንዘብ ማስመለሻ ተብሎ ቦንድ ይፈረማል። ዝም ብሎ መቀመጥም ያስፈራል። ፕሮጀክት ያጣ ሰው ቤንች ላይ ነው ይባላል። ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ (ቲሲኤስ) በሰኔ 2025 ባወጣው መመሪያ አንድ ሠራተኛ በዓመት 225 ቀን ለደንበኛ የሚታሰብ ሥራ ላይ መገኘት እንዳለበት፣ ቤንች ላይም ከ35 ቀን በላይ መቆየት እንደሌለበት ደነገገ። እንዲህ ያለ ቆጠራ ያለበት ሰው የከበደ ፕሮጀክት ሲሰጠው አይሆንም ለማለት አንገቱን አያነሣም።

ሕጉስ? ሕግ የለም የሚባለው ትክክል አይደለም። ቤንጋሉሩ በምትገኝበት በካርናታካ ግዛት በ1961 የወጣው የሱቆችና የንግድ ድርጅቶች ሕግ መደበኛውን ሥራ በቀን 9፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል፤ ትርፍ ሰዓትም በሦስት ወር ከ50 እንዳይበልጥ። ጥያቄው የሚቆጣጠር ማን አለ የሚለው ነው። በ2024 አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ከሞተች በኋላ እናቷ ለቀጣሪው ድርጅት የጻፉት ደብዳቤ አገሩን ሲያነጋግር፣ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች በሌላ ግዛት ፑኔ ከተማ ወዳለው ቢሮው ሄዱ። ቢሮው ከ2007 ጀምሮ በዚያው ዓይነት ሕግ ሳይመዘገብ ሲሠራ እንደኖረ ተናገሩ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ማንም በሩን አላንኳኳም ማለት ነው። ካርናታካ በበኩሏ ኩባንያዎቹን ለመሳብ ስትል የቅጥርና የስንብት ሥርዓትን በጽሑፍ እንዲያወጡ ያስገድድ ከነበረው የ1946ቱ ሕግ ዘርፉን በተደጋጋሚ ነጻ አድርጋለች፤ በ2024ም ለአምስት ዓመት አደሰችው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሥራ ሰዓቱን ጣሪያ የማንሣት ሐሳብ መጣ። በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራት እንዲቻል፣ የትርፍ ሰዓቱም ወሰን በሦስት ወር 125 እንዲሆን። የግዛቲቱ የሠራተኛ ሚኒስትር ሳንቶሽ ላድ ግፊቱ የመጣው ከኩባንያዎቹ ነው አሉ። በ2017 የተቋቋመው የካርናታካ የአይቲ ሠራተኞች ማኅበር ኪቱ ሰልፍ ወጣ፤ ሐሳቡም ለጊዜው ተገታ። በ2025 ሌላ መልክ ለብሶ፣ ትርፍ ሰዓቱን በሦስት ወር 144 አድርጎ ተመለሰ። ማኅበሩ የሚያሰማው ድምፅ ከአባላቱ ቁጥር ይበልጣል። በዚህ ሙያ ሰው አለቃው ሲከፋበት ሥራ ይቀይራል እንጂ ማኅበር አይገባም፤ ልጄ መሐንዲስ ነው እያሉ የሚኮሩ ወላጆች ያሉት ወጣትም ራሱን ከፋብሪካ ላብ አደር ጋር አንድ አድርጎ ለማየት ይከብደዋል።

ኩባንያዎቹ የሚከራከሩትም በዚሁ መስመር ነው፤ እነዚህ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች ናቸው፣ የሠራተኛ ሕግ አይመለከታቸውም ይላሉ። ይህ ሙግት ቼናይ አካባቢ አንድ ጊዜ ጥሩ ፈተና ገጥሞታል። ቲሲኤስ በ2015 ያሰናበተው አንድ መሐንዲስ ክስ መሠረተ። ኩባንያው ሰውየው የኃላፊነት ደረጃ ላይ ነበር አለ። የሥራ ክርክር ችሎቱ የማዕረጉን ስም ትቶ የዕለት ሥራውን መረመረና የሠለጠነ ሠራተኛ ነው ብሎ ወሰነ፤ ከሙሉ ውዝፍ ደመወዙ ጋር እንዲመለስም አዘዘ። ውሳኔው የተሰጠው በ2022 ነው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ። መብቱን ለማስከበር ይህን ያህል መጠበቅ የሚችል ስንት ሰው አለ?

ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክና ኢሜይል ያለመመለስ መብትን የሚደነግግ ረቂቅ በ2018 መጨረሻ የምክር ቤት አባሏ ሱፕሪያ ሱሌ ለፓርላማ ቢያቀርቡም፣ የአንድ አባል የግል ረቂቅ በመሆኑ አልገፋም። ሙርቲ የመሠረቱት ኢንፎሲስ እንኳ በ2025 ከቤት ሆነው በቀን ከ9 ሰዓት ከሩብ በላይ ለሚሠሩ ሠራተኞቹ ጤናችሁን ጠብቁ የሚል ኢሜይል መላክ ጀምሯል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በኅዳር 2025 ነው። ሕንድ 29 የቆዩ ሕጎችን የተኩ አራት የሠራተኛ ሕጎችን ሥራ ላይ አዋለች። ለትርፍ ሰዓት እጥፍ ክፍያ ተደንግጓል። ከአራቱ አንዱ የሆነው የሥራ ደህንነት ሕግ ግን ከሠራተኛ ትርጉም አስተዳዳሪዎችን፣ በወር ከ18,000 ሩፒ በላይ የሚከፈላቸውን ተቆጣጣሪዎችም ያወጣል። የጀማሪ መሐንዲስ ደመወዝ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። እናም ሁለት ጀማሪዎችን ምራ ተብሎ የቡድን መሪ የሚል ማዕረግ የተሰጠው የ26 ዓመት ልጅ የማክሰኞ ሌሊቱን ማስከፈል ይችል እንደሆነ ገና ፍርድ ቤት የሚለየው ጉዳይ ነው።