ከባትሪ የቤት መብራት እንዴት ይገኛል?

እንፍራንዝ ለጣና ሐይቅ ቅርብ ናት። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ከዚሁ ሐይቅ ውሃ ኤሌክትሪክ ያወጣል። በሽቦ ቤታችን የሚደርሰው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የመኪና ባትሪ ግን 12 ቮልት ነው፤ ኃይሉም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ታዲያ ባትሪው የቤት አምፖል እንዲያበራ ምን ይደረግ? ኢንቨርተር ይሠራል።

ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ትራንስፎርመር ነው። እሱም እንደ መናጫ ቅል ነው። እርጎ የያዘውን ቅል ሰቅላችሁ ብትተዉት ቅቤ አይወጣም፤ ወዲያና ወዲህ መገፋት አለበት። ትራንስፎርመርም ኤሌክትሪኩ ካልተመላለሰ ምንም አይሰጥም። ስለዚህ ሁለት ሰው ቅሉን ተቀባብሎ እንደሚገፋ፣ ሁለት ትራንዚስተሮች በተራ ይሠራሉ። አንዱ ሲከፍት ሌላው ይዘጋል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ ከከፈቱ ይቃጠላሉ።

እንዲህ ያለው ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው በድንገት ነው። ይህ ለአምፖል ይበቃል፤ ሞተርን ግን ያግላል። የ100 ዋት አምፖል ከባትሪው ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ የባትሪው ሽቦ ወፍራም ይሁን፤ ፊውዝም ይግባበት።

ባትሪ ነው ብላችሁ አትናቁ። ከኢንቨርተሩ የሚወጣው 220 ቮልት ሰው ይገድላል።