ከእንጦጦ ጀርባ የጠፋችው ወፍ

ከጉለሌ የእፅዋት ማዕከል በላይ የእንጦጦን ጋራ የተሻገረ ሰው ቁልቁል ሰፊ ሜዳ ያያል፤ ሱሉልታ ነው። በበጋ ከብት ይግጥበታል፣ ክረምት ሲገባ ውሃ ያቁራል። ዝናቡ ሲያባራ ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ የሚመጡ ባለ ቀጭን እግር የውሃ ዳር ወፎች ጭቃውን በምንቃራቸው እየወጉ ትል ይለቅማሉ። ከእነሱ አንዷ ወደ አዲስ አበባ ወንዞችም ትወርዳለች። ድንጋይ ላይ ቆማ ጅራቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰው ሲቀርባት ውሃውን ልትነካ ትንሽ እስኪቀራት ዝቅ ብላ ትበርራለች። እነዚህን ዓይን ያለው ሁሉ ያያቸዋል። የሜዳው ትልቅ ምስጢር ግን ሌላ ወፍ ነበረች።

በ1876 ቶማስ አይረስ የተባለ ሰው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አንዲት ትንሽ የረግረግ ወፍ አገኘ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉርኒ የተባለ የወፍ ተመራማሪ በቀጣዩ ዓመት ለሳይንስ አስተዋወቃትና ስሟ በአይረስ ተሰየመ። የወንዱ ራስና አንገት ቀይ ቡኒ ነው፤ ክንፏ ሲዘረጋ ነጭ ቦታ ብልጭ ይላል። በ1940ዎቹ ሱሉልታ ላይም ታየች፤ ጊሻርድ የተባለ ሰው በ1948 አይቢስ በተባለው የወፍ ጥናት መጽሔት ላይ ጻፈባት። ከ1950ዎቹ ማብቂያ በኋላ ግን ወሬዋ ጠፋ ማለት ይቻላል።

እንዴት ትጠፋለች? እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት ወቅቱ ነው። ወፍ ተመልካች የሚወጣው መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ እሷ የምትመጣው ሐምሌና ነሐሴ፣ ጭቃው ጉልበት ሲደርስ። በዚያ ላይ መብረር አትወድም። ሣሩ ሥር እንደ አይጥ ትሽሎከለካለች፤ ሊረግጧት ሲደርሱ ብቻ ተነሥታ ጥቂት እንደበረረች ተመልሳ ትወድቃለች። ያየኋት መሰለኝ የሚል ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሱሉልታ ላይ እንደገና ታየች። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ፍለጋውን አላቆመም። ፈላጊዎቹ ተሰልፈው፣ ገመድ በረግረጉ ላይ እየጎተቱ በዝናብ ይሄዳሉ፤ ገመዱ ሣሩን ሲነካ ወፏ ትነሣለች። በ1997 ከአዲስ ዓለም አቅራቢያ በርጋ ረግረግ ላይ የተገኘው ነገር ከመታየት በላይ ነበር፤ እዚያ ትራባለች! ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል፣ በዓለም ላይ መራባቷ የተረጋገጠው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የሚድልፑንት ረግረግ ላይ የተጠመደ ካሜራ ጫጩቶቿን ያሳየው በ2018 ነው። የድምፅዋ ምንነት የተረጋገጠውም ገና በ2020 ነው።

ለእኔ ከግኝቱ ሁሉ የሚበልጠው የበርጋ ገበሬዎች ሥራ ነው። ከብቱ ጎጆዋን ይረግጣል፣ ሣሩ ደግሞ ለድርቆሽ ይፈለጋል። እነሱ ግን የወፍ ወዳጆች ቡድን አቋቁመው፣ በመራቢያዋ ወራት ረግረጉን ከከብት መጠበቅ ጀመሩ። ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ድጋፍ ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት ተሠራ። ጥበቃ እንዲህ ሲሆን ይዘልቃል፤ የአካባቢውን ሰው ኑሮ ሳይጎዳ።

ሱሉልታ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘችም። ፋብሪካውና ቤቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ሜዳው እየገፋ ነው። ወፏ ከ2013 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ እጅግ ለመጥፋት የተቃረቡ ከሚባሉት ተመድባለች፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል። ስለዚህ ለሱሉልታ ፕላን የምታወጡ ሁሉ፣ ውሃ የሚያቁረው መሬት ለግንባታ ከመሰጠቱ በፊት በሐምሌና በነሐሴ ይጠና። በጥር ታይቶ ባዶ ነው አይባል።