የሾለ ሆድ፣ የሰፋ ሆድ

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ላይን ላይ አንዲት ሠራተኛ ማርገዟ ከታወቀ፣ ለልጁ ስም ሳይታሰብለት ጾታው ይቆረጥለታል። "አቦ፣ ወንድ ነው! ሆዷ እንዴት እንደሾለ አታዩም?" ትላለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ ፊቷ ላይ የወጣውን ማድያት አይታ "ሴት ናት፣ የእናቷን ውበት ወስዳለች" ብላ ትከራከራለች። ሰርቪሱ እስኪመጣ ድረስ ክርክሩ አይበርድም።

በኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካዎች ከሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የመጀመሪያ ልጃቸውን በሚወልዱበት ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። ድሬ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አደርኛ የሚሰማባት ከተማ ናት። እያንዳንዷ ከእናቷ ቤት የሰማችውን ምልክት ይዛ ስትመጣ፣ አንዱ ቤት የወንድ ነው የሚለው ምልክት ሌላው ቤት የሴት ሆኖ ይገኛል።

የሆድን ቅርጽ ነገር በቁም ነገር የፈተሹ ተመራማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የልጃቸውን ጾታ ያልተነገራቸውን 104 ነፍሰ ጡሮች አስገምቷል። የተሳካላቸው 55 ከመቶ ያህሉ ናቸው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም። የሆዷ ቅርጽም ሆነ የማቅለሽለሹ ብርታት የሚወለደውን ጾታ አላመለከተም። ሆድ እንዲሾል ወይም እንዲሰፋ የሚያደርጉት የእናትየው ቁመት፣ የሆድ ጡንቻዋ ጥንካሬና የፅንሱ አቀማመጥ ናቸው። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ጡንቻዋ ገና ስላልላላ ሆዷ ከፍ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው። እንግዲህ በፋብሪካው ውስጥ "ወንድ ነው" የሚባልላቸው ቢበዙ አይገርምም!

ማድያትም እንዲሁ ነው። በእርግዝና ወቅት የሚጨምሩት ሆርሞኖችና ፀሐይ አብረው የሚያመጡት ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ድሬ ላይ አይታጣም። የፅንሱ ልብ በደቂቃ ከ140 ጊዜ በላይ ከመታ ሴት ናት የሚለውም መሠረት የለውም። የወንዱም የሴቷም ልብ በአብዛኛው ከ110 እስከ 160 ባለው መካከል ይመታል፤ ፅንሱ ሲንቀሳቀስ ይፈጥናል፣ ሲያርፍ ዝግ ይላል። ጾታን ይተነብያል ተብሎ በየስልኩ የሚዞረው "የቻይና ሰንጠረዥ"ስ? እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በስዊድን ከተመዘገቡ 2.8 ሚሊዮን ልደቶች ጋር አስተያይቶት፣ ያገኘው ውጤት ግማሽ በግማሽ ነበር። ምርጫው ሁለት ብቻ ስለሆነ ማንኛውም ግምት ግማሹን ጊዜ ይሰምራል። የሰመረው ለዓመታት ሲወራ ይኖራል፤ የሳተውን የሚያስታውስ የለም።

ጥቂት እውነት ያለበት አንድ ግምት ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በስዊድን የተደረገ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በብርቱ ማስመለስ ሆስፒታል ከተኙ እናቶች 56 ከመቶ ያህሉ ሴት መውለዳቸውን አሳይቷል። ልዩነቱ በብዙ ሺህ እናቶች መካከል የሚታይ እንጂ አንዲትን እናት "ሴት ነው የምትወልጂው" ለማለት የሚያበቃ አይደለም። በዚያ ላይ በዓለም ዙሪያ ለ100 ሴቶች 105 ያህል ወንዶች ስለሚወለዱ፣ ሁልጊዜ "ወንድ ነው" የሚል ጠንቋይ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሳካለታል።

የልጁ ጾታ የሚቆረጠው በፅንሰት ዕለት ነው። የእናት እንቁላል ምንጊዜም ኤክስ ክሮሞዞም ይዛ ትጠብቃለች፤ ኤክስ ወይም ዋይ የሚያመጣው የአባት ዘር ነው። አሜሪካዊቷ ኔቲ ስቲቨንስ ይህን መሰል ልዩነት በጢንዚዛ ላይ ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ይሁንና ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈም በኋላ ሴት ልጆች ብቻ የወለደች እናት "ወንድ አልሰጠችውም" ተብላ ትወቀሳለች፤ በዚህ ሰበብ የሚፈርስ ትዳርም አለ። የሰርቪሱ ጨዋታ ማንንም አይጎዳም። ቤት ውስጥ ወደ ወቀሳ ሲለወጥ ግን ዕዳው ጾታውን በማትወስነው በእናትየው ላይ ይወድቃል።

በአልትራሳውንድ ማወቅ የሚሻ ሰውም ቢሆን መታገሥ አለበት። እስከ ዘጠነኛው ሳምንት አካባቢ የወንድና የሴት ፅንስ ውጫዊ ብልት አይለይም። በ11ኛው ሳምንት የሚሰጥ መልስ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት የሚታየው ግን ከሞላ ጎደል አስተማማኝ ነው፣ ፅንሱ እግሩን ገጥሞ ካልተኛ በስተቀር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲደረግ የሚመክረው ግን ጾታን ለማወቅ አይደለም። የእርግዝናውን ዕድሜ በትክክል ለመገመት፣ መንታ መሆኑንና በፅንሱ ላይ ችግር መኖር አለመኖሩን ለማየት ነው።

የእርግዝናውን ዕድሜ ማወቅ ለፋብሪካ ሠራተኛ በቀጥታ ይጠቅማታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ነፍሰ ጡር ሳለች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ሺፍት አትመደብም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም አይታዘዝባትም። ለእርግዝና ምርመራ የምትቀርበት ጊዜም ደመወዝ ይከፈልበታል፤ ስትመለስ ግን የሐኪም ማስረጃ ይዛ መምጣት ይኖርባታል።