የጠበበ መሬት፣ ክልል የሚያቋርጥ ወንዝ፦ የወላይታ ዳሰሳ

የወላይታን ኢኮኖሚ የሚያጠና ሁሉ ከመሬት ይነሳል። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ከምትገኘው ሶዶ እስከ ቦዲቲና አረካ የብዙው ገበሬ ይዞታ ከሁለት ጥማድ፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጓሮ ነው። እንሰት፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንችና በቆሎ በዚያችው ጓሮ ይፈራረቃሉ። በልግ ሲዘገይ ስኳር ድንቹ ይከሽፋል፤ ክረምቱ ሲገባ ማሳው ለምልሞ እያለ ጎተራው ባዶ ይሆናል። «አረንጓዴ ረሃብ» የሚሉት ይህንን ነው። ጥሬ ገንዘብ ያስገኝ የነበረውን ዝንጅብልም በ2004 ዓ.ም. የተዛመተ የአጠውልግ በሽታ ጠራርጎ ወሰደው። ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ ቢጎርፍ አያስደንቅም።

መፍትሔ ያልተሞከረበት ጊዜ የለም። ዋዱ በሚል ስም የሚታወቀው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በ1960ዎቹ በዓለም ባንክ ብድር ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አከፋፍሏል፤ መሬት የጠበባቸውን የደጋ ገበሬዎች በአበላና በበሌ ቆላ አስፍሯል። ዛሬ ግን ቆላውም ሞልቷል።

የወላይታ ችግር ግን መሬት ብቻ አይደለም። በአቅራቢያው ያለው የጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ወደ ኬንያ የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ከሶዶ ይነሳል። ይህ ሁሉ ኃይል ደጃፋቸው ላይ እያለ ኩራዝ የሚያበሩ የገጠር ቤቶች መኖራቸው ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቢላቴ ነው። ከጉራጌና ስልጤ ደጋ ተነስቶ አባያ ሐይቅ የሚገባው ይህ ወንዝ የደጋውን አፈር ይዞ ይወርዳል፤ የአባያ ውሃ የደፈረሰው በዚህና በመሰል ወንዞች ደለል ነው። ቀድሞ የቢላቴ ተፋሰስ በአብዛኛው በአንድ ክልል ሥር ነበር። ሲዳማ በ2012 ክልል ከሆነ፣ በ2015 ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተመሠረቱ ወዲህ ላይኛው ዳገት በአንዱ፣ ታችኛው መስኖ በሌላው እጅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው የውሃ ሕግ አባል አገሮች ውሃን በአስተዳደር ወሰን ሳይሆን በተፋሰስ እንዲያስተዳድሩ አስገድዷል፤ ከዚያ የምንማረው አለ።

ጸጥታውም ከዚህ አይነጠልም። በሰኔ 2010 በሐዋሳ በተነሳው ግጭት የወላይታ ተወላጆች ተፈናቅለዋል፤ በነሐሴ 2012 የዞኑ አመራሮች ከታሰሩ በኋላ በሶዶና በቦዲቲ ሰዎች በጥይት ተገድለዋል። መሬት በጠበበበትና ቁስሉ ባልሻረበት አገር የመስኖ ውሃ ጠብ ሌላ እሳት ይጭራል።

መዳን እንደሚቻል የወላይታው ሁምቦ ያሳያል። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልሎ ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ደን አስመልሷል፤ ነዋሪዎቹም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ካርቦኑን ለዓለም ባንክ ፈንድ ሸጠዋል። ሁምቦ የተሳካው ባለቤቱ ስለታወቀ ነው። የቢላቴ ባለቤት ግን ዛሬ በርካታ ክልሎች ሆነዋል፤ ሁሉም ደጋውን ማን እንደሚከልል፣ ቆላውን ማን እንደሚያጠጣ የሚወስን የጋራ ውል ሊፈራረሙ ይገባል።