ምልክቱ ሞልቶ ዋይፋዩ ለምን ይንቀራፈፋል?

«የዋይፋይ ምልክቱ ከሞላ ፍጥነቱም ሙሉ ነው።» ከሁሉም በላይ የተስፋፋው እምነት ይህ ነው፤ ስህተትም ነው። ስልኩ አናት ላይ ያሉት ቅስቶች የሚያሳዩት ከራውተሩ የደረሰውን ሲግናል ጉልበት ብቻ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ሲግናሉ በዙሪያው ካለው የሞገድ ጫጫታ በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው።

የሲግናል ጉልበት የሚለካው በዲቢኤም ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይበረታል፦ −50 በጣም ጥሩ፣ −80 ደካማ። ጫጫታው −95 በሆነበት ቤት −65 ሆኖ የሚደርስ ሲግናል የ30 ዴሲቤል ብልጫ አለው። በጎረቤት ራውተሮች ምክንያት ጫጫታው −75 በደረሰበት ፎቅ ላይ ግን የዚያው ሲግናል ብልጫ 10 ብቻ ይሆናል። ቅስቶቹ በሁለቱም ቤት እኩል ናቸው። ሠርግ ቤት ጭፈራው ሲደምቅ አጠገባችን ያለ ሰው ጮክ ብሎ ቢያወራንም ቃሉን የማንለየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ራውተሩና ስልኩ ይህን ብልጫ እያዩ የሚነጋገሩበትን ፍጥነት በየቅጽበቱ ይመርጣሉ። ሲግናሉ ሲጠራ በአንድ ጊዜ ብዙ መረጃ ያጭቃሉ፤ ሲደበዝዝ ስህተት እንዳይበዛ ይቀንሳሉ። አሠራሩ 802.11ጂ በሚባለው አሮጌ የዋይፋይ ደረጃ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ፍጥነቱ ከ54 ሜጋቢት በሰከንድ ወደ 48፣ 36፣ 24፣ 18፣ 12፣ 9 እያለ እስከ 6 ይወርዳል። 54ቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ እጃችን አይገባም። ተራ መጠበቁና «ደርሶኛል» የሚለው ምላሽ ግማሽ ያህሉን ይበሉታል።

«ጓዳ ያለው ስልክ ቢንቀራፈፍ ሳሎን ያለሁትን እኔን አይነካኝም» የሚሉም አሉ። ይነካል! በአንድ ቻናል ላይ አንዱ መሣሪያ ሲልክ ሌሎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በ6 ሜጋቢት የሚያወራ ስልክ፣ በ54 ከሚያወራው ጋር እኩል መረጃ ለመላክ አየሩን ዘጠኝ እጥፍ ለሚረዝም ጊዜ ይይዘዋል። ራውተሩ ሥር የተቀመጠው ላፕቶፕም ይህን ሁሉ ይጠብቃል። የቤተሰብ ኔትወርክ ሲዘገይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከሁሉም የራቀው መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቻናል መምረጥ ላይ ደግሞ ቅን የሚመስል ስህተት አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሞገድ ክልል ላይ እርስ በርስ ስለማይደራረቡ የሚመረጡት ቻናሎች አብዛኛውን ጊዜ 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስቱም ተይዘው ሲገኙ «በመሃል ያለው 3 ወይም 4 ነፃ ነው» ብሎ እዚያ መግባት ነገሩን ያባብሰዋል። አንድ ቻናል የሚጋሩ ራውተሮች ይሰማማሉ፤ ተራም ይጠብቃሉ። በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ጫጫታ ይሆናሉ። 5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ቦታ አለው፤ በኮንክሪትና በብሎኬት ሲያልፍ ግን ቶሎ ይደክማል። ለሳሎን ተመራጭ ነው፣ ከሁለት ግድግዳ ወዲያ ላለ ክፍል 2.4 ሊሻል ይችላል።

«ጉልበተኛ ራውተር ይፈታዋል» ብሎ ብር ከማውጣት በፊት ስልኩም መልስ መላክ እንዳለበት ማሰብ ያስፈልጋል፤ የስልኩ ጉልበት አልጨመረም። የዋይፋይ ማራዘሚያም በዚያው ቻናል የሚሠራ ከሆነ እያንዳንዱን መልእክት ሰምቶ ይደግመዋልና ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከተገዛም ቦታው በራውተሩና ሲግናል በጠፋበት ክፍል መሃል ነው፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ የሚደግመው ነገር አያገኝም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ራውተሩን ከቴሌቪዥን ሣጥኑ ውስጥና ከፍሪጁ ጀርባ አውጥቶ ከፍ ያለ ገላጣ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ወጪ የለውም። ከዚያ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ፍጥነቱን መለካት ነው። በኬብል የተከፈለበት ፍጥነት ከተገኘ ችግሩ ያለው ቤት ውስጥ፣ አየሩ ላይ ነው። በኬብልም ካልተገኘ አገልግሎት ሰጪው ጋ መደወል ተገቢ ነው።