ጅንባርን ለማየት የሚነሣ ሰው ምን ያስብ?

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚነገረው ትንሹን ነገር እንደ ትልቅ አድርጎ ለሚያደንቅ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ ተረቱን ገልብጠን ልንጠይቅ ወደድን፤ ዓባይን ያየ ሰውስ ምንጩን የሚያመሰግነው መቼ ነው? በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ የተነሣ ወጣት በየመሥሪያ ቤቱና በየዩኒቨርስቲው ሞልቷል። ከዚያው ክልል ሳይወጣ፣ ከፍታው ከጢስ ዓባይ አሥር እጥፍ ያህል ከሆነ ገደል የሚወረወር ሌላ ውሃ መኖሩን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ይህ ውሃ ጅንባር ይባላል። የሚገኘውም ከጎንደር በስተሰሜን፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በሳንቃበርና በግጭ መካከል ነው።

የጢስ ዓባይ ከፍታ 45 ሜትር ያህል ሲሆን ጅንባር ግን ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በእርግጥ በውሃው ብዛትና በስፋቱ የዓባይ ጌትነት አይካድም፤ በክረምት ማብቂያ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ጅንባር አንድ የተራራ ሜዳ አጠራቅሞ የሚሰደው ቀጭን ውሃ ነው። የሆነ ሆኖ ሁለቱ ውሆች ዘመዳሞች ናቸው። በጎንደር ከተማ የዘነበ ዝናብ በቀሃና በአንገረብ ወደ መገጭ፣ በመገጭም ወደ ጣና ይገባል፤ ከጣናም ዓባይ ሆኖ ይወጣል። በሰሜን ተራሮች ላይ የዘነበው ደግሞ ወደ ተከዜ ይወርዳል። ተከዜም ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀልና ከካርቱም በስተሰሜን፣ በአትባራ ከተማ አጠገብ፣ ከናይል ጋር ይገናኛል። በአንድ ደጋ ላይ የተለያዩ ሁለት ወንድማማች ውሆች ከአገር ወጥተው ይተቃቀፋሉ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን አገር ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ ጉዞውን እንዴት ያሰናዳ? «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ ሳይሰናዱ ወደዚህ ተራራ መነሣት ብርድንና ድካምን ገዝቶ መመለስ ነው። በእኛ አስተያየት ጥሩ ዕቅድ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። መቼ እንሂድ? በየት በኩል እንሂድ? ከማን ጋር እንሂድ? ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ነውና ወደ መጨረሻው እናቆየዋለን።

መቼ?

የጢስ ዓባይን ውሃ የሚያዝዙት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ክረምቱ ነው፣ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ፣ ይልቁንም በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በፏፏቴው ላይ የሚወርደው ውሃ ቀንሷል። ጅንባርን ግን ከዝናብ በቀር የሚያዝዘው የለም። ስለዚህ ቀጠሮውን የሚቆርጠው ዝናቡ ነው።

በሰሜን ተራሮች ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ሞልቶ ሳለ ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው፣ ጎብኚው ድምፁን እየሰማ መልኩን ሳያይ ይመለሳል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ግን ሁሉንም ያሟላ ነው። ጉሙ ይገለጣል፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ አበባው አለ፤ ውሃውም አልጎደለም። ከጥር በኋላ ጅንባር እየቀጠነ ይሄዳል፤ በመጋቢት ግድም ከክር የማይበልጥበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ችግር ይገጥማል። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው። ጥምቀትን በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ አክብሮ በዚያው ወደ ተራራው ለመውጣት የሚመኝም ብዙ ነው። ምኞቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት በጎንደር ማደሪያ ማግኘት ጭንቅ መሆኑንና የተራራውም ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ወቅት መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ዋልያና ጭላዳ ለማየት ጥር ደኅና ነው። ፏፏቴ ለማየት የተነሣ ሰው ግን በጥቅምት ከዓመት ፈቃዱ አራት ወይም አምስት ቀን ቆርጦ ቢወስድ ይሻለዋል። ፈቃዱንም መስከረም ሳይጠባ ለአለቃው ማሳወቅ ብልህነት ነው።

በየት በኩል?

የጉዞው በር ጎንደር ናት። በ17ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ፋሲለደስ የመሠረቱትን ግቢ ሳያዩ ማለፍ ነውር ስለሆነ የመጀመሪያውን ቀን ለከተማዋ መስጠት ነው። ይህ ለሰውነትም ይጠቅማል። ከቆላ ወይም ከመካከለኛ አገር የመጣ ሰው በአንድ ቀን ከ3,000 ሜትር በላይ ቢወጣ ራሱን ያመዋል፤ ምግብ ይዘጋዋል፤ እንቅልፍም ይነሳዋል። ቀስ በቀስ መውጣት ከማናቸውም መድኃኒት ይበልጣል።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በወለቃ፣ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ የወገራን ደጋ ያቋርጣል። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ጎብኚው የሚመዘገበው፣ የመግቢያውን የሚከፍለው፣ ጠባቂና መሪ የሚይዘው፣ በቅሎ የሚከራየውም እዚህ ነው። ኢትዮጵያዊ የሚከፍለው ዋጋ የውጭ አገር ሰው ከሚከፍለው ያነሰ ስለሆነ መታወቂያ ወረቀት ይዞ መሄድ ይገባል።

አራት ቀን ያለው ሰው የሚከተለውን ቢያደርግ መልካም ይመስለናል። በመጀመሪያው ቀን ከደባርቅ ተነሥቶ በቡይት ራስ በኩል ሳንቃበር ያድራል፤ ሰፈሩ በ3,250 ሜትር ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ጧት ወደ ጅንባር ይሄዳል። ፏፏቴው የሚታየው ከፊት ለፊቱ ካለው አፋፍ ላይ ሲሆን፣ ከገደሉ ጫፍ መራቅና የጠባቂውን ቃል መስማት ግዴታ ነው። ከዚያም ወንዙን ተሻግሮ በ3,600 ሜትር ላይ ወዳለው ግጭ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ ከተባለው 3,926 ሜትር ከፍታ ካለው አፋፍ ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል ይመለከታል፤ ከሰዓት በኋላም ወደ ጨነቅ ይወርዳል። ዋልያ በብዛት የሚታየው በጨነቅ አካባቢ ነውና አራተኛውን ቀን ጧት ለእርሱ ሰጥቶ በመኪና ወደ ደባርቅ ይመለሳል። ራስ ዳሽን ለመድረስ የሚመኝ ሌላ ሦስት ወይም አራት ቀን ይጨምር። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ከጎንደር ማልዶ ከተነሣ ጅንባርን አይቶ ለመመለስ ይችላል።

ስለ ዕቃ ብዙ አንልም። ጋቢ ወይም ቡልኮ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ካልሲ፣ የለመዱት ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ባርኔጣ። ለስንቅ በሶና ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎም ከቆርቆሮ ምግብ ይሻላሉ፤ ለመሸከም ይቀላሉ፤ ተራራው ላይ የሚጣል ቆሻሻም አይተዉም። የላስቲክ ጠርሙስ ይዞ የወጣ ባዶውን ይዞ ይውረድ።

ከማን ጋር?

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚህ ፓርክ ያለ ጠባቂ መሄድ አይፈቀድም። መሣሪያ ይዞ ከጎብኚው ጋር የሚሄደው ጠባቂ፣ በቅሎ ጫኙና ምግብ አብሳዩ ብዙውን ጊዜ የዚያው አገር ገበሬዎች ናቸው። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው እነርሱ የሚያውቁትን ለመስማት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። እኛ ግን በቋንቋችን «አያ፣ ይህ ምን ይባላል?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። ጅብራው፣ አስታው፣ ጓሳው ሁሉ ስም አለው፤ ጥቅምም አለው። ጭላዳ ሣር እየነጨ ውሎ ሲመሽ ለምን ወደ ገደሉ ወርዶ እንደሚያድር ከእነርሱ የተሻለ የሚያስረዳ አይገኝም። አንድ ተማሪ በሦስት ቀን መንገድ ላይ የሚቀስመው ትምህርት በመጽሐፍ ከሚያገኘው አያንስም።

ከዚህም በላይ አንድ ዕዳ አለብን። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በዚያ መዝገብ መጀመሪያ ከተጻፉት 12 ቦታዎች አንዱ እርሱ ነበር። ነገር ግን እርሻውና ግጦሹ እየገፋ፣ ዋልያውም እየተመናመነ ስለሄደ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ተመዘገበ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ነው። ለመውጣቱ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ነው። በመንደሩ ይኖሩ የነበሩ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች እስከ 2008 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ አጠገብ ተዛወሩ። ዛሬ ጎብኚው በግጭ ሜዳ ላይ የሚያየው ጓሳ የበቀለው የሰው ቤትና የሰው እርሻ በነበረበት ስፍራ ነው። በ2011 ዓ.ም. የበጋ መጨረሻ ያ ሣርና አስታው በእሳት ሲያያዝ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች ከመምጣታቸው በፊት ቅጠል ይዞ እሳቱን ይታገል የነበረው ያው የአካባቢው ሕዝብ ነው።

ታዲያ ይህ ገበሬ ዋልያን ለምን ይጠብቅ? ዋልያ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር የማይገኝ እንስሳ መሆኑን፣ የእግር ኳስ ቡድናችንም በስሙ መጠራቱን ብንነግረው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን በዚህ ልጆቹን አያበላም። የሚያበላው በማኅበሩ ተራ ጠብቆ በቅሎውን ሲያከራይ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። ያም ገንዘብ ለብዙ ጊዜ ይመጣ የነበረው በአብዛኛው ከውጭ አገር ጎብኚ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሲመጣ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ጦርነቱ ሲከተል፣ የውጭው ሰው ቀረ፤ በቅሎዋም ሥራ ፈታች። በእነዚህ ዓመታት የዋልያው ቁጥር ክፉኛ መቀነሱ ያለ ምክንያት አይደለም። ጠባቂ ሲጠፋና ኪስ ሲደርቅ አዳኝ ይበረታል።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የአገራችንን ተራራ እኛው ካላየነው፣ ጥበቃውን በሌላ አገር ሰው ፈቃድና በሌላ አገር አውሮፕላን ላይ አንጠልጥለነዋል ማለት ነው። ስለዚህ የጉዞው ሒሳብ ሲሠራ የጠባቂውና የበቅሎ ጫኙ ድርሻ ከሁሉ አስቀድሞ ይመደብ። ዋጋ ለማስቀነስ ከበቅሎ ባለቤት ጋር መከራከር፣ በከተማ ቡና ቤት የአንድ ምሽት ወጪ የሚያህለውን ከድኻ ላይ መቆጠብ ነውና አያስመሰግንም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ ከጓዳችን አለ። አሥር የሥራ ባልደረቦች ወይም የአንድ ክፍል ተማሪዎች እንደ ዕቁብ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ በዓመቱ የመኪናው፣ የድንኳኑና የስንቁ ዋጋ ይሞላል። ድንኳኑ በጋራ፣ በቅሎውም በጋራ ሲሆን ወጪው ይቀልላል። አብሮ የሚሄድ ሰውም በገደል መንገድ ላይ ይደጋገፋል።

የቀረው የሰላም ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ፣ መንገዱ በአንድ ሳምንት የሚያስኬድ፣ በሌላው የማያስኬድ ሆኖ የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የጉዞው ቀን ከመቆረጡ በፊት በጎንደርና በደባርቅ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ የፓርኩም ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ፤ «አትምጡ» ከተባለም መቅረት ፈሪነት አይደለም። ተራራው አይሄድም፤ የተጠራቀመውም ገንዘብ ለከርሞ ይሆናል።

ዕቅድ ግን ሰላም እስኪሟላ ድረስ መጠበቅ የለበትም። ዕቁቡ ዛሬ ሊጀመር፣ የአገሩ ካርታ ዛሬ ሊዘረጋ፣ የመሄጃውም ወር ዛሬ ሊመረጥ ይችላል። መንገዱ ደኅና በሆነ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ደባርቅ የሚገባው መኪና የአገር ልጆችን የጫነ ቢሆን ደስታችን ነው። በጅንባር አፋፍ ላይ ለሚቆም ወጣትም አደራ እንላለን፤ ዐይኑን ከውሃው ሲያነሣ አጠገቡ የቆመውን ጠባቂ ይመልከት፤ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑም ይጠይቀው። ያን ውሃ ንጹሕ አድርጎ ያቆየለት እርሱ ነውና።